ቢሊ ዋይልደር ይህን ሁሉ ዘውግ እንዴት ቻለው?

ጥያቄ፦
ሰሞኑን የሆሊውዱን ዳይሬክተር የቢሊ ዋይልደርን ፊልሞች እያሳደድኩ እያየሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 «ደብል ኢንደምኒቲ»ን ሠራ፤ ጨለም ያለ የወንጀል ፊልም ነው። በ1959 ደግሞ «ሰም ላይክ ኢት ሆት»፤ በሳቅ ሆድ ያፈርሳል። የአንድ ሰው ሥራ አይመስሉም። እኔም ስክሪፕት እጽፋለሁ፤ ሰው ሁሉ «አንዱን ያዝ» ይለኛል። እሱ ሳይበተን እንዴት ዘለቀ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ዘውጉን ተወውና ጽሑፉን ተከተል። ሰውዬው ከሁሉ በፊት ጸሐፊ ነው። ቪየናና በርሊን ጋዜጠኛ ነበር። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ወደ ፓሪስ ሸሸ፣ ከዚያ ሆሊውድ ገባ። ያኔ እንግሊዝኛው ገና ነበር።

ወደ ዳይሬክተርነት የገፋውን ነገር ስማ። «ሆልድ ባክ ዘ ዶውን» ለተባለው የ1941 ፊልም ከቻርልስ ብራኬት ጋር አንድ ትዕይንት ጻፉ። ሜክሲኮ ድንበር ላይ የተጣለ ስደተኛ ግድግዳ የምትወጣን በረሮ አስቁሞ፣ እንደ ድንበር ጠባቂ ወረቀት ይጠይቃታል። ዋይልደር ራሱ ሜክሲካሊ ቪዛ ጠብቋል፤ ነገሩ ከአንጀቱ የወጣ ነው። ዋናው ተዋናይ ግን ከበረሮ ጋር ማውራት አልፈልግም አለ፤ ትዕይንቱ ቀረ። ዋይልደር በገነ። በ1942 ሆሊውድ ውስጥ የራሱን ፊልም መምራት ጀመረ። ጽሑፉን ለማንም ላለማስነካት ነው፤ እኔ በጣም የምወደው ይሄንኑ ነው።

አሁን «ዘ አፓርትመንት»ን (1960) እይ። ጃክ ሌመን የሚጫወተው የቢሮ ሠራተኛ ከውሽሞቻቸው ጋር እንዲገናኙበት ቤቱን ለአለቆቹ ያውሳል። አንዲት ሴት እዚያ የረሳችውን የተሰነጠቀ የእጅ መስታወት አግኝቶ ለአለቃው ይመልሳል። ቆየት ብሎ የሚወዳት ልጅ አዲሱን ባርኔጣውን እንዲያይበት መስታወቷን ታቀብለዋለች። ስንጥቁን አየ፤ በቃ፣ ገባው። ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳውም። ይህን የጻፈ ሰው ኮሜዲም ወንጀልም አይከብደውም።

መልስ 2፦
በዚያ ፊልም በአዘጋጅነት፣ በዳይሬክተርነትና በጸሐፊነት ሦስት ኦስካር ወስዷል። ግን ብቻውን አልጻፈም። መጀመሪያ ብራኬት፣ ለ«ደብል ኢንደምኒቲ» ሬይመንድ ቻንድለር፣ በኋላ ለብዙ ዓመት አይ.ኤ.ኤል. ዳይመንድ። አንተስ አብሮህ የሚጽፍ ሰው አለህ?

ጠያቂው፦
የለኝም። ብቻዬን ነው የምጽፈው። አንድ በንግግር ጎበዝ የሆነ ጓደኛ አለኝ፤ ነገ ረቂቁን ይዤለት እሄዳለሁ።

መልስ 1፦
ሂድ። ሲቆርጥብህ ግን አትኩረፍ። ዋይልደርም የ«ሰንሴት ቡሌቫርድ»ን መክፈቻ፣ ሬሳ ክፍል ውስጥ ሬሳዎች የሚያወሩበትን፣ ተመልካች ያለቦታው ስለሳቀበት አውጥቶ ጥሎታል።