ፀሐይ ለለበለበው ፊት፦ ተልባ፣ እሬት ወይስ አጃ?

የአክስቴ ልጅ ከግሸን ማርያም በተመለሰች ማታ ደወለችልኝ። መስከረም 21 ነው፤ ቀኑን ሙሉ አቀበትና ቁልቁለት ስትል ውላለች። ነጠላዋን ሞቀኝ ብላ ከራሷ አውርዳዋለች። «ፊቴ እሳት ሆኗል፤ ምን ልቀባ?» አለችኝ።

እኔም እንደ ወሎ ሰው መጀመሪያ «አብሽሪ!» አልኳት።

መስመሩ ይቆራረጥ ነበርና «አብሹን ቀቅዬ ነው ወይስ ፈጭቼ?» ብላኝ እርፍ።

ከሳቅን በኋላ ያልኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። ለግሸን የወጣም፣ ለጀማ ንጉሥ መውሊድ የሄደም፣ ጦሳ ተራራ ላይ ፎቶ ሊነሳ የወጣም በኋላ የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና። የደሴ ብርድ ሰው ያታልላል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስላል። ግን ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጠይም ነኝ ብላችሁም አትዘናጉ። የኛ ቆዳ እንደ ፈረንጅ አይቀላም እንጂ ያቃጥለዋል፣ ይወጠራል፣ በሦስተኛው ቀን ይላጣል።

ከቅባቱ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ። ንጹህ ጨርቅ ነክሮ 10 ወይም 15 ደቂቃ ፊት ላይ ማሳረፍ፣ ሲሞቅ እንደገና መንከር። በረዶ በቀጥታ አይደረግም። ኮልጌት የሚቀቡ አሉ፤ ተዉት። ቆዳው ውሃ ከቋጠረ፣ ትኩሳትና ማዞር ከመጣ፣ ወይም የተቃጠለው ጨቅላ ሕፃን ከሆነ ይሄን ጽሑፍ ትታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ወደ ጥቆማው። የኔ ምርጫ ተልባ ነው። አዎ፣ በጾም የምንጠጣው ተልባ። ሰው ሁሉ እሬት እሬት ሲል ይሄ ጓዳ ውስጥ ተረስቶ ተቀምጧል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ በአንድ ኩባያ ውሃ ጣዱና እያማሰላችሁ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ አፍሉት። እንደ እንቁላል ነጭ መለጠጥ ሲጀምር አውርዱት። ሳይቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ አጥልሉት፤ ከቀዘቀዘ አልወርድም ይላል፣ እኔ አንዴ በማጥለያው ስታገል አምሽቻለሁ። ፍሪጅ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ፊት ላይ በስሱ ይቀባል፣ ሲደርቅ በውሃ ይለቀቃል። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፣ ልብስ አያበላሽም። ከሦስት ከአራት ቀን በላይ ግን አታቆዩት፤ ይበላሻል።

ስትገዙ «ያልተቆላ» በሉ። ፒያሳ አካባቢ ያሉ የቅመም ሱቆች ለመጠጥ የተዘጋጀውን፣ ተቆልቶ የተፈጨውን ያቀርቡላችኋል። እሱ ለዚህ አይሆንም። የባቲ ሰኞ ገበያ የምትደርሱ ከሆነ እህል ከሚሸጡት ላይ በጣሳ ግዙ፤ ዘርዘር አድርጋችሁ አይታችሁ፣ አፈሩን አበጥራችሁ። ከሱቁ በዋጋም ይሻላል። የከተማው ሱቅ የሚበልጠው የተለቀመ መሆኑ ላይ ብቻ ነው።

አብሽም ያው የሚያዝለገልግ ነገር አለው፤ ውሃ ውስጥ ካደረ ይሠራል። ግን ሽታው ታክሲ ውስጥ ያጋልጣችኋል።

እሬት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን ራሴን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ከገደሉ ሥር የበቀለውን የሐበሻ እሬት ቆርጬ አንገቴ ላይ እንዳለ ለቀለቅኩት። ሌሊቱን ስፎክት አደርኩ። ጥፋቱ የእሬቱ አልነበረም። ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ፣ እናቶች ጡት ለማስጣል የሚቀቡት ያ መራራ ነገር፣ ቆዳ ያሳክካል። የሚያበርደው ከመሐል ያለው ጥርት ያለ ልጥልጥ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ቁረጡና የተቆረጠውን ወደ ታች አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት አቁሙት። ቢጫው ይውረድ። ከዚያ ታጥቦ፣ ተልጦ፣ መሐሉ ብቻ። መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት።

የዱሩን ከመቁረጥ ይልቅ ከችግኝ ጣቢያ አሎቬራ የሚባለውን በማሰሮ ግዙ። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ብዙ ልጥልጥ ይሰጣል፣ በረንዳ ላይ ያለ ብዙ ውሃ ይኖራል። ሻጩን አበባው ምን ዓይነት ነው በሉት፤ አሎቬራ ቢጫ ያብባል፣ የአገራችን እሬቶች ብዙዎቹ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ናቸው። አንዴ ከገዛችሁ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ ይበቃል፤ ሥሩ ሥር ልጅ ያወጣል።

በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው አረንጓዴ ጄልስ? ይለያያል። እኔ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ሽቶና አልኮል የበዛበት ሆኖ ፊቴን የባሰ አደረቀው። ጀርባውን አንብቡ። አልኮልና ሽቶ ከፊት ከተጻፉ፣ እሬቱም መጨረሻ ላይ ካለ፣ ገንዘባችሁን ያዙ። ቀለሙም አያታላችሁ፤ የእሬት ልጥልጥ ራሱ ውሃ ነው የሚመስለው። ከፋርማሲ ስትገዙ ቢያንስ ጊዜው ያለፈበት መሆን አለመሆኑን ባለሙያው ያይላችኋል። «ማድያት ያጠፋል» እየተባለ በእጅ የሚሸጠውን ቱቦ ግን አደራ አትንኩ፤ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት አለበት።

ሰውነታችሁ ሁሉ ከሆነ የተቃጠለው፣ ትከሻና ጀርባ፣ ያኔ ከተልባ አጃ ይሻላል። ልሞ ተፈጭቶ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት እፍኝ ይበተናል፣ በዚያ ሰውነትን መለቅለቅ ነው። ማሳከኩን ደህና ያስታግሳል። ወፍጮ ቤት ስትወስዱት ግን በርበሬ ከተፈጨ በኋላ እንዳይሆን ጠይቁ። እየቀለድኩ አይደለም።

ዘይት የሚጨመረው በኋላ ነው። ትኩሱ ሳይወጣ ኑግ ወይም ሰሊጥ መቀባት ሙቀቱን አፍኖ ያስቀረዋል። ቅቤም እንደዚያው። መላጥ ሲጀምር ግን የሰሊጥ ዘይት ጥሩ ነው፤ ዓይናችሁ እያየ ከሚጨምቁ ቤቶች ጥቂት አስቀዱ። ኑግ ይሸታል፣ የትራስ ልብስም ያበላሻል። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ብቻውን ለተላጠ ቆዳ ኃይለኛ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ወደ ፀሐይ ከመውጣታችሁ በፊት ፊታችሁ አጠገብ አይድረሱ፤ ሎሚና ጤና አዳም። ሁለቱም ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ፣ ወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክትም ይተዋሉ። «ሎሚ ያጠራል» የሚሉትን አትስሙ። ጤና አዳም ቡናው ውስጥ ይግባ፣ እዚያ ያምርበታል።

የአክስቴ ልጅ ተልባውን መረጠች። ቅዳሜ ሳገኛት ፊቷ በርዶላታል፣ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ብቻ ትንሽ ተልጧል። «የተረፈውን ምን አደረግሽው?» ብላት ሻሿን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ፀጉሯን አስይዛበታለች፤ ሹሩባዋ ያንጸባርቃል።