ክፍል ውስጥ በስልክ ቀርጾ ማስተማርን ማሻሻል፦ የሞከራችሁ አላችሁ?

ሒሳብ_9ኛ

ሰላም መምህራን። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው፣ 9ኛ ክፍል ሒሳብ። የዘንድሮ የሲፒዲ (የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ዕቅዳችን ውስጥ የእርስ በርስ የክፍል ምልከታ አለ። ችግሩ ክፍለ ጊዜያችን ይጋጫል፣ እኔ ሳስተምር ጓደኛዬም ሌላ ክፍል እያስተማረ ነው። ስለዚህ በስልክ እንቅረጽና ከትምህርት ሰዓት በኋላ አብረን እንየው የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ግማሹ ወደደው። ግማሹ ግን «ነገ ርዕሰ መምህሩ ጋ ይደርስና የሥራ አፈጻጸም ነጥብ መቁረጫ ይሆናል» ብሎ ፈራ፣ ፍርሃታቸው ደግሞ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ያለን የየራሳችን ስልክ ብቻ ነው። ስልኩን የት ላስቀምጥ? ስናየውስ ምኑን ነው የምናየው? ቪዲዮው ማን ጋ ይቀመጥ?

ባዮ_መምህርት

መምህር፣ እኛ ጋ ጀምረነዋልና የማውቀውን ልንገርህ። ካሜራውን ወደ አንተ አታዙረው፣ ወደ ተማሪዎቹ አዙረው። ሰው ራሱን ቪዲዮ ላይ ሲያይ ልቡ የሚሄደው ልብሱና አቋቋሙ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ለትምህርቱ ምንም አይጨምርም። ስልኩን ሰሌዳው ጥግ አስቀምጠው፣ መስኮቱ ፊት ለፊቱ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቅ፣ አለበለዚያ ልጆቹ ጥላ ሆነው ነው የሚታዩት።

አንድ ምሳሌ። አንድ ባልደረባዬ ኦስሞሲስን አስተምሮ ሲጨርስ እንደ ማንኛችንም «ገባችሁ?» አለ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» እዚያ ቆሞ ለሚሰማ ሰው ደስ ይላል። ቪዲዮው ላይ ግን ሦስተኛው ዴስክ ላይ ያለችው ልጅ መጀመሪያ ጎኗ ያለችውን ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ «አዎ» አለች፣ ከዚያ ከጓደኛዋ ደብተር መገልበጧን ቀጠለች። ከኋላ ያሉት ሁለት ልጆች ደብተራቸውን ጭራሽ አልከፈቱም፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው የመለሱት ግን እነሱ ናቸው። ያቺን ቁራጭ ደጋግመን አየናት። አሁን ባልደረባዬ በ«ገባችሁ?» ፋንታ አንድ አጭር ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ሁሉም ደብተሩ ላይ ይመልሳል፣ እሱ በዴስኮቹ መሀል እየዞረ ያያል።

ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ለማየት አትሞክሩ፣ ትሰለቻላችሁ። አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ የምታዩትም አንድ ነገር ይሁን። ለምሳሌ ጥያቄ ጠይቀህ ስንት ሰከንድ ትጠብቃለህ? ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የክፍል ውስጥ የድምፅ ቅጂዎችን ሰምታ መምህራን በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ እንደሚጠብቁ አገኘች። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። ለዚህ ቪዲዮም አያስፈልግም፣ ኪስህ ውስጥ ያለ ስልክ ድምፅ ቢቀዳ ይበቃል።

አንጋፋው

ልጆቼ፣ እኔ በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት) ሲገባ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በፍጥነት። ልጁ ባይገባው ማስቆም የለም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ። መምህሩ ማብሪያ ማጥፊያውን ይዞ ዳር ይቆማል። በጎ ጎን አልነበረውም አልልም፣ ላቦራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ሙከራውን በዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነበር። ግን መምህሩን ያገለለ ቴክኖሎጂ ነበር። እናንተ አሁን የምታወሩት ተቃራኒው ነው፣ ማቆሙም መመለሱም በመምህሩ እጅ ነው። ይህን እጅ አትልቀቁት። ቪዲዮው የተቀረጸው መምህር ንብረት ይሁን፣ ለማን እንደሚያሳይ እሱ ይወስን።

ሱፐርቫይዘር_ነኝ

በዚህ ትንሽ ልለይ። እኔ የክላስተር (የጎረቤት ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘር ነኝ። በሴሚስተር አንዴ ገብቼ ቼክሊስት ሞልቼ ስወጣ የማየው የተዘጋጀበትን ክፍለ ጊዜ ነው፣ መምህሩም ያውቃል እኔም አውቃለሁ። መምህሩ ራሱ መርጦ የሚሰጠኝ ቪዲዮ ቢኖር ከዚያ የተሻለ ፍትሐዊ ይሆን ነበር። ለምዘና ፈጽሞ አይዋል ማለት ትክክል አይመስለኝም።

ባዮ_መምህርት

ወንድሜ፣ መርጦ ይስጥ ካልክ እስማማለሁ። ነገር ግን አንድ ቪዲዮ ሁለቱን ሥራ አይሠራም። ነጥብ እንደሚሰጥበት ያወቀ መምህር ቀላሉን ርዕስ፣ ጎበዙን ሴክሽን መርጦ ነው የሚቀርጸው። እኛ ደግሞ የሚጠቅመን የከበደን ክፍለ ጊዜ ነው። ለምዘና የሚሆነው ሌላ ቀን፣ ለብቻው ይቀረጽ።

ኮሌጅ_አሠልጣኝ

መምህራን ኮሌጅ ነው የምሠራው። ማይክሮ ቲቺንግ (ሠልጣኝ አጭር ትምህርት አስተምሮ አስተያየት የሚቀበልበት ልምምድ) እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ቪዲዮ ዋና መሣሪያው ሆኖ ነው የተስፋፋው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ቪዲዮው ቀርቶ ጓደኛ እንደ ተማሪ ሆኖ የሚቀመጥበት ልምምድ ብቻ ቀርቷል፣ ጓደኛ ደግሞ እንደ 9ኛ ክፍል ልጅ አይሳሳትም። ስለዚህ እውነተኛው ክፍል ውስጥ መቅረጻችሁ ትልቅ ዕድል ነው።

ለሒሳብ መምህሩ አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1995 የቲምስ (ዓለም አቀፍ የሒሳብና ሳይንስ ትምህርት ጥናት) የቪዲዮ ጥናት በጀርመን፣ በጃፓንና በአሜሪካ 231 የ8ኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎችን ቀርጾ አነጻጽሯል። የጃፓን መምህራን ብዙ ጊዜ ከባድ ጥያቄ አስቀድመው ሰጥተው ልጆቹ እንዲታገሉበት ይተዉና ከዚያ የተለያዩ አሠራሮችን ሰሌዳ ላይ ያወያያሉ። አሜሪካ ውስጥ ግን መምህሩ አሠራሩን ያሳያል፣ ልጆቹ ይደግሙታል። የእኛ ክፍል ወደየትኛው እንደሚቀርብ ቪዲዮህ ይነግርሃል። ልጆቹ ብቻቸውን ያሰቡበትን ደቂቃ ቁጠር።

ሒሳብ_9ኛ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ አንጋፋው፣ ያሉትን ለባልደረቦቼ እንዳለ አነብላቸዋለሁ። የባዮ መምህርትንም ሐሳብ ወስጃለሁ፣ ርዕሰ መምህሩ ቪዲዮው ለምዘና እንደማይውል በጽሑፍ እንዲፈርምልን እንጠይቃለን። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መላላክስ?

ባዮ_መምህርት

ግሩፕ ላይ በፍጹም። የልጆች ፊት አለበት፣ አንዱ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ቢለቀው ማን ይመልሰዋል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል፣ 1321/2016። ለወላጆች በደብዳቤ አሳውቁ፣ ያልተስማማ ወላጅ ካለ ልጁን ካሜራው በማይደርስበት በኩል አስቀምጠው፣ አይተን ስንጨርስ እዚያው ቁጭ ብለን እናጠፋዋለን። ለተማሪዎቹም ለምን እንደምትቀርጽ በአማርኛ ግልጽ አድርገህ ንገራቸው። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፣ ወደ ካሜራው ያያሉ፣ ስለዚህ ስልኩን ቀድመህ ሳትቀርጽ ጥቂት ቀን እዚያው ቦታ አቁመው፣ ይለምዱታል።