የአሜሪካዊው ዘፋኝ የቢል ዊዘርስ ዘፈኖች በኪቦርድ፦ ከየትኛው ልጀምር?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ሦስት ጣት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይዤ መቀያየር እችላለሁ። «ሊን ኦን ሚ»ን ላስቀድም ወይስ «ኤይንት ኖ ሰንሻይን»ን? ደግሞ «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» ውስጥ «አይ ኖው» እያለ የሚደጋግመው ቦታ ላይ ሁሌ ከምቱ እወጣለሁ። ስንት ጊዜ ነው የሚለው?

ነጭ ቁልፍ፦ ወንድሜ፣ «ሊን ኦን ሚ»ን አስቀድም። ዊዘርስ ራሱ ጣት ሳይቀይር ፒያኖው ላይ ወጣ ወረድ ሲል የመጣለት ዜማ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ሶልን በአውራ ጣት፣ በመሃል ጣትና በትንሿ ጣት ያዝ። እጅህን እንዳለ አንድ ነጭ ቁልፍ ወደ ቀኝ ግፋው፤ ሬ፣ ፋ፣ ላ ይሆናል። እንዲሁ እያልክ ፋ፣ ላ፣ ዶ ድረስ ውጣና በመጣህበት ተመለስ። ጥቁር ቁልፍ አትነካም። የሚበላሸው በየእርምጃው ጣት ስትቀያይር ነው፤ ያኔ እጅህ ይዘገያል። ፔዳሉን (ድምፁን የሚያቆየውን የእግር መርገጫ) ረግጠህ ከረሳኸው ደግሞ አራቱም ኮርዶች ይደበላለቃሉ፤ በየኮርዱ እግርህን አንሳ። እንዲህ ቀላል ሆኖ በፈረንጆቹ 1972 ላይ አሜሪካ ውስጥ 1ኛ ወጥቷል።

ከበሮ ጠባቂ፦ 26 ጊዜ ነው። ግን ከምቱ የምትወጣው ቃሉን ስለምትቆጥር ይመስለኛል። እዚያ ቦታ ላይ ከበሮው ብቻ ነው የሚቀጥለው፤ ሰው ደግሞ ጀርባው ባዶ ሲሆንበት ይቸኩላል። ሁለቱንም እጅህን ከኪቦርዱ አንሳ፣ በእግርህ ምታ፣ መጀመሪያ ያለ ዘፈን በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ተለማመደው። ዊዘርስ ግጥም ሊጨምርበት አስቦ ነበር፤ ሙዚቀኞቹ እንዳለ እንዲተወው መከሩት። ዘፈኑ የወጣው በፈረንጆቹ 1971 ነው፣ ፕሮዲውሰሩ ቡከር ቲ ጆንስ። ዊዘርስ ያኔ ገና የአውሮፕላን መጸዳጃ የሚሠራ ፋብሪካ ተቀጣሪ ነበር፤ በአልበሙ ሽፋን ላይ የያዘው የምሳ ዕቃውን ነው። ኮርዱ ላ ማይነር (ላ፣ ዶ፣ ሚ) ነው፤ በየስንኙ መጨረሻ የሚ ማይነርን (ሚ፣ ሶል፣ ሲ) እና የሶልን (ሶል፣ ሲ፣ ሬ) ኮርድ ነካ አድርገህ ትመለሳለህ።

ትንፋሽ፦ «ጀስት ዘ ቱ ኦቭ አስ»ን ለጊዜው ተወው፣ ጥቁር ቁልፍ ይበዛበታል። ደግሞ የወጣው በሳክስፎኒስቱ ግሮቨር ዋሺንግተን ጁኒየር የ1980 አልበም ላይ ነው፤ ዊዘርስ ድምፁ ነው፣ በጽሑፉም ተካፍሏል። መዝፈን ካማረህ «ላቭሊ ደይ» አለልህ፤ መጨረሻ ላይ አንዷን ኖታ 18 ሰከንድ ይይዛታል። ከ8 ሰከንድ ጀምር፣ ጮክ ብለህ አትግባ፤ ትንፋሹ የሚያልቀው መጀመሪያ ላይ ነው።

ጀማሪው፦ ፔዳል የለኝም፤ ችግር አለው?

ነጭ ቁልፍ፦ የለውም። እጅህን ወደሚቀጥለው ኮርድ እስክታሻግር ቁልፎቹን ተጭነህ ቆይ፤ ቀድመህ ከለቀቅካቸው ይቆራረጣል።