ፋይበር ከገባልን በኋላ የፎቁ ዋይፋይ ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን አይሰጥም (ሐዋሳ)

ጥያቄ፦ የታቦር ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ሲሆን ቤታችን ጂ ፕላስ ዋን ሆኖ ከጓሮው ሰርቪስ ክፍሎች አሉት። በቅርቡ በስልክ ሽቦ ይመጣ የነበረውን ኢንተርኔት ትተን ወደ ፋይበር ተዛውረናል፤ ቴክኒሻኖቹም መቀበያውን ሳሎን ውስጥ፣ ከዋናው በር አጠገብ ሰቅለውልናል። ሳሎን ውስጥ ፍጥነቱ የተዋዋልነውን ያህል ነው፤ ፎቅ ላይ ግን ይቆራረጣል፣ ሰርቪሱ ጋ ደግሞ ጭራሽ አይደርስም። ስለዚህ የድሮውን፣ በስልክ ሽቦ የሚሠራውን የኤዲኤስኤል ሞደም ፎቅ ላይ አስቀምጬ ከአዲሱ መቀበያ የላን ገመድ ሳብኩለት። አሁን ስልኮቻችን ከፎቁ ዋይፋይ ጋር ይገናኛሉ፤ ሆኖም አንዳንዴ ይሠራሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላሉ። ይባስ ብሎ፣ ከዚህ ቀደም ምንም ያልነበረበት የሳሎኑ ቴሌቪዥንም መቋረጥ ጀምሯል። ዕቃ ሻጩ ሪፒተር (የዋይፋይ ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ዕቃ) ግዛ ይለኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ ፋይበሩን አስረዝሞ መቀበያውን ደረጃው ራስ ላይ መስቀል ይሻላል ባይ ነው። የትኛው ያዋጣል? ወደ ሰርቪሱስ በምን ላድርሰው?

መልስ፦ ኔትወርክ ሠራተኛ

ለጊዜው ምንም አይግዙ። የፎቁ ችግር አሁን የሲግናል ሳይሆን የአድራሻ ነው። ብዙዎቹ ሞደሞች ከፋብሪካ ሲወጡ የራሳቸው አድራሻ 192.168.1.1 ነው፤ ለስልክና ለኮምፒውተር የውስጥ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ የተባለው አገልግሎትም ክፍት ሆኖ ይመጣል። እርስዎ ሁለቱን በላን ገመድ ሲያገናኟቸው አንድ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት አድራሻ ያላቸው ሁለት አዳዮች ተፈጠሩ ማለት ነው። ስልኩ መውጫውን በአሮጌው ሞደም በኩል ሲፈልግ፣ የዚያ ሞደም የስልክ መስመር ስለተቋረጠ መንገዱ እዚያው ያልቃል። ቴሌቪዥኑም የታወከው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፎቅ ያለው ሞደም በገመዱ በኩል ሳሎን ላለው ዕቃ ጭምር መልስ ይሰጣልና።

መፍትሔው ቀላል ነው። አሮጌውን ሞደም ከመቀበያው ነቅለው ከላፕቶፕ ጋር ብቻ ያገናኙትና በብራውዘር ወደ ማስተካከያ ገጹ ይግቡ። የላን አድራሻውን ወደ 192.168.1.2 ይለውጡ፤ ገጹ ስለሚዘጋብዎት በአዲሱ አድራሻ ተመልሰው ይግቡና ዲኤችሲፒውን ይዝጉ። የአዲሱ መቀበያ የእደላ ዝርዝር ከ192.168.1.2 የሚጀምር ከሆነ ግን መነሻውን ትንሽ ከፍ ማድረግ አለብዎት። የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከሳሎኑ ጋር አንድ ያድርጉት፤ ቻናሉን ግን ይለያዩት፣ ሳሎኑ 1 ላይ ከሆነ ፎቁን 6 ወይም 11 ላይ ያድርጉት። ከዚያ ገመዱን ከመቀበያው የላን መሰኪያ ወደ ሞደሙ የላን መሰኪያ ይመልሱ።

ሪፒተርን በተመለከተ፣ ርካሾቹ የሚቀበሉትንና የሚያስተላልፉትን በአንድ ሬዲዮ ስለሚያደርጉት ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ብረት ያለበት የፎቅ ሶሌታ ያደከመውን ሲግናል ተቀብሎ ማባዛትም ብዙ አይጠቅምም። ገመድ እስከ ፎቅ ከሳቡ በኋላ ሪፒተር መግዛት በእኔ አስተያየት ገንዘብ ማባከን ነው። ይሁንና የድሮ ኤዲኤስኤል ሞደሞች መሰኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም፣ ዋይፋያቸውም 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። የተዋዋሉት ፍጥነት ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወደፊት ጊጋቢት መሰኪያ ባለው አክሰስ ፖይንት (በገመድ የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ) ይተኩት።

መልስ፦ ፋይበር ቀጣይ

የጎረቤትዎን ምክር አይሞክሩት። ፋይበር የመስታወት ክር ስለሆነ እንደ መብራት ሽቦ ተልጦና ተጠምዝዞ አይቀጠልም፤ ጫፎቹ በማሽን ቀልጠው መገጣጠም አለባቸው። አረንጓዴው መሰኪያ ጫፉ በ8 ዲግሪ ገደድ ብሎ የተሞረደ ነው፤ በሰማያዊ መሰኪያ ማስረዘሚያ ከቀጠሉት ብርሃኑ ይባክናል። ገመዱ በር ሥር ወይም ከሶፋ ጀርባ ቢታጠፍም ያው ነው፤ መቀበያው ላይ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። የተነቀለ ጫፍ ውስጥ በዓይንዎ አይመልከቱ፤ ብርሃኑ አይታይም እንጂ ሊኖር ይችላል።

መልስ፦ ገመድ ዘርጊ

ወደ ሰርቪሱ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የተባለ የላን ገመድ ይበቃል፤ እስከ 100 ሜትር ያለ ተጨማሪ ዕቃ ይሠራል። ችግሩ ገበያ ላይ ነው፤ በርካሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ላዩን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ናቸው። ከመክፈልዎ በፊት አንዷን ቀጭን ሽቦ ልጠው በምላጭ ይፋቁ፤ ውስጧ ነጭ ከሆነ ይተዉት። ጓሮውን የሚያቋርጠው ክፍል ለውጭ የተሠራ፣ ጥቁር ልባስ ያለው ይሁን፤ በፕላስቲክ ቱቦ ይቅበሩት፤ ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አይክተቱት። ጫፉን የሚያስርልዎት ሰው ስምንቱንም ሽቦዎች ማሰሩን ይመልከቱ፤ አራት ብቻ አስረው የሚሄዱ አሉ፣ በዚያ ዓይነት ገመድ ከ100 ሜጋቢት በላይ አያገኙም።

የታቦር ነዋሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አድራሻውን ቀይሬ ዲኤችሲፒውን ዘግቻለሁ፤ ፎቁም ቴሌቪዥኑም ተስተካክለዋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱን ማቆየት ይቻላል?

መልስ፦ ኔትወርክ ሠራተኛ

ይቻላል። ለቤት በሚዘረጋው ጂፖን በተባለው ፋይበር፣ ከጣቢያው እስከ ቤትዎ መሐል ብርሃኑን የሚያከፋፍለው ዕቃ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ጣቢያው በጄኔሬተር ወይም በባትሪ እስከሠራ ድረስ ሰፈሩ ቢጨልምም መስመሩ ይመጣል፤ የሚቀረው የእርስዎን መቀበያ ማቆየት ነው። ለራውተር የሚሸጠው ትንሹ ዲሲ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ ዕቃ) ይበቃል፤ ትልቁ የኮምፒውተር ዩፒኤስ አያስፈልግም። ሲገዙ ግን የመቀበያውን ቻርጀር ይዘው ይሂዱ፦ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፣ አምፔሩ ግን ይለያያል፤ የዩፒኤሱ አምፔር በቻርጀሩ ላይ ከተጻፈው ማነስ የለበትም። የፎቁ ሞደምም ሌላ ስለሚፈልግ፣ ለጊዜው መብራት ሲጠፋ ሳሎን መቀመጥ ይሻልዎታል።