የጉልበት ኪኒን ጉልበት ድረስ እንዴት ነው ሚደርሰው?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ሰላም የወሎ ልጆች፣ እናቴ ጉልበቷን እያመማት ዳይክሎፌናክ ታዞላት እየወሰደች ነው፣ ጉልበቷ በጣም ተሽሏታል ግን ጨጓራዬን አቃጠለኝ ትላለች። የጉልበት ኪኒን ከሆነ ጨጓራ ምን አገባው? ደሞስ በአፍ የተዋጠ ነገር ጉልበት ያለበትን በምን አውቆ ይሄዳል? የግፊት መድኃኒትም አላት፣ ኢናላፕሪል ሚባለው።

መድኃኒት ቤት ኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ። ኪኒኑ ጉልበትን አያውቀውም፣ መርጦ ሚሄድበት ቦታ የለውም። ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፣ መጀመሪያ ሚያልፈው በጉበት ነው፣ ዳይክሎፌናክ ግማሽ ያህሉ እዛው ተሰባብሮ ይቀራል። የተረፈውን ልብ ትረጨዋለች፣ አዋቂ ሰው ቁጭ ብሎ እንኳን ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ስለምትረጭ ቶሎ ሁሉም ጋ ይዳረሳል፣ ጉልበትም ጨጓራም ኩላሊትም። ጉልበት ላይ ፕሮስታግላንዲን ሚባለውን፣ ህመምና እብጠት ሚያመጣውን ነገር እንዳይመረት ያደርጋል፣ ችግሩ ይሄው ነገር ጨጓራን ከራሱ አሲድ ሚጠብቀው ነው፣ ኩላሊትም በቂ ደም እንዲያገኝ ያግዛል። ስለዚህ በመርፌ ብትወስደውም ጨጓራዋን ሊጎዳት ይችላል።
እኔን ያሳሰበኝ ግን ኢናላፕሪሉ ነው። ዳይክሎፌናክ የግፊት መድኃኒቱን ያዳክመዋል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ ኩላሊት ላይ ይከብዳሉ፣ በተለይ በእድሜ ለገፋ ሰው። ዳይክሎፌናኩን ያዘዘላት ሰው ግፊት እንዳላት ያውቃል?

ከሚሴ፦
እኛ ጋ ለወባ ኮአርተም ሲሰጡ ወተት ወይ ቅባት ካለው ምግብ ጋ ውሰዱ ሚሉት ለዚህ ነው? ብዙ ሰው በባዶ ሆዱ ነው ሚውጠው።

መድኃኒት ቤት ኮምቦልቻ፦
አዎ፣ ውስጡ ያለው ሉመፋንትሪን በቅባት ነው ሚሟሟው፣ ያለ ምግብ ከተዋጠ ወደ ደም ሚገባው በጣም ያንሳል፣ ወባውም በደንብ ላይለቅ ይችላል። ሁሉም እንደዛ አይደለም ግን፣ ቴትራሳይክሊን ሚባለው አንቲባዮቲክ ለምሳሌ ከወተት ጋ አይሆንም፣ ካልሲየሙ ይይዘዋል።

ሐይቅ ዳር፦
ሚቀባው ዳይክሎፌናክስ? እኔ ለእናቴ እሱን ነው ምገዛላት።

መድኃኒት ቤት ኮምቦልቻ፦
እሱ እንኳን ይሻላል፣ ቆዳው ስር ነው በብዛት ሚቀረው፣ ወደ ደም ሚዘልቀው በአፍ ከሚወሰደው ከአስር አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። ለጉልበት ጥሩ ነው፣ ለቧንቧ ውሃ ልጅ እናትም ሐኪሟን ጠይቁላት።
የቧንቧ ውሃ ልጅ፣ እናትህ ሰገራዋ ከጠቆረ ወይ ካስመለሳትና ደም ካየህ ቀጠሮ ምናምን አትጠብቅ፣ በዛው ቀን ሆስፒታል ውሰዳት።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ። ሰገራዋን ጠየቅኳት፣ ደህና ነው አለች። ያዘዘላት ሰው ስለ ግፊቷ አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችውም። ነገ ሁለቱንም ኪኒን ይዘን ግፊቷን ሚከታተላት ሐኪም ጋ እንሄዳለን።