ቆላ ላይ ድንች ቅጠል ብቻ ሆነብኝ፤ በምን ልተካው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወረድ ያለው ቆላ ነው። ጓሮው 8 በ5 ሜትር፣ አፈሩ አሸዋማ። ድንች ተክዬ ቅጠሉ አማረ፤ ሲቆፈር ግን ፍሬው ከባቄላ አይበልጥም። ሙቀት ችሎ ለቤት ቀለብ የሚሆን ምን ልትከል? ማሽላ ወይስ ስኳር ድንች?

ዳሞት፦ እታለም፣ ጥፋቱ የዘሩ አይደለም። ድንች ፍሬ የሚይዘው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ ምግቡን ወደ ታች ማውረድ ትቶ በግንድና በቅጠል ይጨርሰዋል። ስኳር ድንች ግን ሙቀት ይወዳል።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲረጋ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ አውጪ፣ ከመደብ መደብ 80። ባንቺ ቦታ 6 ይወጣል። ስኳር ድንች የሚተከለው በሐረጉ ነው፤ ሐረጉን ከጫፉ በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ቁረጪ፤ ወደ ሥሩ ያለው የጠነከረው ክፍል ቶሎ አይዝም፣ የነቀዝ እንቁላልም የሚገኘው እዚያ ነው። የታች ቅጠሉን አራግፈሽ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለሽ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አቆዪው። ከዚያ አጋደም አድርገሽ፣ ቢያንስ 3 አንጓ አፈር ገብቶ ጫፉ እንዲወጣ፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከዪ። 160 ገደማ ሐረግ ይበቃል።

የጓሮ ሰው፦ ፍጉ ላይ ተጠንቀቂ። በደንብ የበሰበሰ ከሆነ ለአንድ ሜትር መደብ አንድ አካፋ ይበቃል። ካበዛሽው ድንቹ ላይ ያየሽው ይደገማል፣ ሐረግ ብቻ።

ትልቁ ጠላት ነቀዝ ነው። ሥሩ ሲወፍር መደቡ ይሰነጠቃል፣ ነቀዙ በስንጥቁ ይገባል፤ የተበላው ሥር ይመራል፣ ተቀቅሎም አይበላም። በ5ኛው ሳምንት አፈር አልብሺው፣ ከዚያም ስንጥቅ ባየሽ ቁጥር ድፈኚ። በ4 ወይም 5 ወር አውጪው። መሬት ውስጥ ትተው እንደ ጎተራ የሚጠቀሙ አሉ፤ ዝናብ ካቆመ በኋላ ግን ይህ ነቀዙን መቀለብ ነው።

አባ ማሽላ፦ ማሽላን ዝም ብላችሁ አለፋችሁት? የቆላው እንጀራ እኮ እሱ ነው!

ዳሞት፦ ማንም አልናቀው ጋሼ። ግን ለ40 ካሬ ሜትር ሙሉ ቀን ወፍ ጠባቂ ማቆም አያዋጣም፤ አቀንጭራ (የማሽላን ሥር የሚመጥ አረም) ያለበት መሬት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ። ይልቅ አንዱን መደብ ለማሾ ትተወው፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት። በ60 እስከ 75 ቀን ይደርሳል።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነጩን ወይስ ብርቱካናማውን? ለከርሞስ ሐረግ ከየት ይመጣል?

የጓሮ ሰው፦ ልጆች ካሉ ብርቱካናማው፣ ኩልፎ ወይም ቱላ የሚባለው ዝርያ፤ ለቫይታሚን ኤ ይጠቅማል፣ ሲቀቀል ግን ውሃ ውሃ ይላል። ደረቅ ያለውን ለሚወድ ነጩ አዋሳ 83 ይሻላል። ሐረጉን ስትሰበስቢ ቅጠሉ የተጨማደደውን ወይም ዥጉርጉር የሆነውን አትንኪ፣ ቫይረስ ነው። ከጤነኛው 20 ያህል ቆርጠሽ የእጅ መታጠቢያ ውሃ የሚፈስበት ጥላ ሥር አጠጋግተሽ ትከዪ፤ በጋውን እዚያ ይከርማል። ፍየል እንዳይደርስበት እሾህ እጠሪበት።