ወንድሜ ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ ተዘረረ፣ አሰልጣኙ ለውድድር እያዘጋጀው ነው፤ ምን ላድርግ?

የጠባሴ ልጅ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ እዚህ ደብረ ብርሃን ቦክስ ይሠራል። ባለፈው ሳምንት ስፓሪንግ ላይ አገጩን ተመቶ ወደቀና ለትንሽ ጊዜ ራሱን ሳተ። እስካሁን ራሱን ያመዋል፣ መብራት አይወድም። አሰልጣኙ «ብርድ ነው፣ ይለቀዋል» ብሎ በሁለት ሳምንት ውስጥ ላለው ውድድር ኪሎ እያስቀነሰው ነው። እናታችን እንቅልፍ አጥታለች። ሰው ሞቶ ሕጉ ተቀየረ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ምን ይላል?

መንዜው፦
ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1982 ላስ ቬጋስ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ከሬይ ማንቺኒ ጋር ገጠመ። ያኔ የሻምፒዮና ግጥሚያ 15 ዙር ነበር። ክብደቱን ወደ 61 ኪሎ ለማውረድ ብዙ ተሰቃይቶ ነው የገባው። 14ኛው ዙር እንደተጀመረ ተዘረረ፤ እየተንገዳገደ ቢነሳም ዳኛው አስቆመው። ብዙ ሳይቆይ ራሱን ሳተ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰው ደም አንጎሉን ተጭኖት ነበር። ኦፕራሲዮን ተደርጎም ከቀናት በኋላ ሞተ። የዓለም ቦክስ ካውንስል ወዲያው ወደ 12 ዙር ወረደ፣ ሌሎቹ የቦክስ ድርጅቶች ዓመታት ቆይተው ተከተሉት።

የድሮ ቦክሰኛ፦
ታሪኩ ልክ ነው፤ ግን 12 ዙር ለፕሮፌሽናል ነው። የአንተ ወንድም አማተር ከሆነ የሚገጥመው 3 ዙር ስለሆነ ያ ሕግ አይጠቅመውም። የሚጠቅመው የሕክምና እገዳው ነው፦ ጭንቅላቱን ተመቶ የተዘረረ ራሱን ባይስት እንኳ ቢያንስ 30 ቀን ግጥሚያም ስፓሪንግም የለም፤ እንደ ወንድምህ ራሱን ከሳተ ቢያንስ 90 ቀን ነው። ራሱን ያልሳተውም በሦስት ወር ውስጥ ከተደገመበት 90 ቀን ይሆናል። «ልምምድ ላይ ነው የተመታው» ቢሉህ አትስማ፣ የዓለም አቀፉ አማተር ሕግ ልምምድንም ይጨምራል። የሐኪም ወረቀት ያዝ። አሰልጣኙ እምቢ ካለ ክብደት በሚለካበት ቀን ለውድድሩ ሐኪም ስጠው፤ እሱ ካልፈቀደ ሪንግ አይወጣም።

አንኮበሬ፦
ኧረ ልጁን አታስፈራሩት። የራስ መከላከያ ያድርግና ይግጠም፣ ስንቱ ተመቶ ተነስቷል!

ሲስተር፦
የራስ መከላከያ ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል እንጂ አንጎል ውስጥ መናወጡን አያስቀርም። ሳይድን ሁለተኛ ምት ካረፈበት አንጎሉ በድንገት ሊያብጥ ይችላል፣ በተለይ ወጣት ላይ። ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ስንቱን ይሸከም! ኪሎ መቀነሱን አሁኑኑ አቁሙት፣ ውሃ ይጠጣ፣ ይብላ። ሐኪም ዛሬ ይየው። ሕመሙ ከባሰ፣ ካስመለሰው፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ ወይም ስትቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። አስፕሪንም ሆነ ኢቡፕሮፌን በራሳችሁ አትስጡት፣ የደም መፍሰስ ሊያባብሱ ይችላሉ።

የጠባሴ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ትናንት ማታ ኢቡፕሮፌን ውጦ ነበር፤ ያሰጋል?

ሲስተር፦
አትደንግጥ፣ ግን እንዳትደግሙት። ምን እንደዋጠና ስንት ሰዓት እንደሆነ ለሐኪሙ ንገር። ወንድምህን ይዘህ ውጣ፣ ሌላውን በኋላ ጻፍልን።